ከ«በቅሎ አግባ!» እስከ «አንድ ጨዋታ በላኝ!»

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መቱ ነበርን። ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው «ክረምት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል። ለማያውቅ ደግሞ እንዲህ እንበል፦ እዚያ ዝናብ መጣ ከተባለ ጃንጥላ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ነው። ከአስፋልቱ ዳር ስንሮጥ ያገኘነው የመጀመሪያው ክፍት በር ውስጥ ዘው አልን። የቤቲንግ ቤት ኖሯል።

ከመካከላችን አንዱ ግን አልገባም። በረንዳው ጥግ ላይ ቆመ። ዝናቡ በአግድም እየመጣ ሱሪውን ሲያርሰው እያየን «ግባ እንጂ!» አልነው። «ይሻለኛል» አለ። ለምን እንዳልገባ እናውቅ ስለነበር ደግመን አልጠራነውም። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። ግድግዳው ላይ ሁለት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ አንዱ እውነተኛ ኳስ ያሳያል፣ ሌላው ኮምፒውተር ራሱ ለራሱ የሚያጫውተውን «ቨርቹዋል» የሚሉትን። በሩ አጠገብ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር የተቀመጠው ልጅ ገና ጢም አላወጣም። ከእኛ በቀር ሴት አልነበረም፤ ዞር ብሎ ያየን ግን የለም (በመቱ አስፋልት ላይ ይህ ክብር ገጥሞን አያውቅም)።

ልጁ ቲኬቱን ዘርግቶ አሳየን። ዐሥር ጨዋታ ይዟል፤ የእያንዳንዱ ኦድ 1.5 ገደማ። ዘጠኙ ገብቶለታል። ዐሥረኛው ግን በጭማሪ ደቂቃ በተቆጠረች ጎል ተበላሸ። በ10 ብር 576 ብር ሊወስድ ነበር። «አንድ ጨዋታ በላኝ!» አለን። አነጋገሩ የተሸነፈ ሰው አነጋገር አይደለም፤ ለትንሽ ፈተና ያለፈው ተማሪ ዓይነት ነው። እንዲያውም ትንሽ ኩራት አለበት።

እስቲ ይህን «በላኝ» ልብ በሉልን። በአማርኛ ቁማር ምንጊዜም የመብላትና የመበላት ጉዳይ ነው። ያሸነፈ «በላ»፣ የተሸነፈ «ተበላ»። በካርታውም፣ በከረምቡላውም እንዲሁ ነበር። ድሮ ግን «ማን በላህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሰው ስም ይጠራ ነበር። የዛሬው ልጅ የሚጠራው ጨዋታ ነው። እዚያች ሙቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ ስናወራ፣ ይህ ለውጥ መቼና እንዴት እንደመጣ መጻፍ አለብን ተባባልን። (ዓመቶቹ በኛው አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እንናገራለን።)

ውርርድ ለኢሉባቦር ከስልክ ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም። ከስልክ በፊት፣ ከሎተሪም በፊት፣ ችሎት ውስጥ ነበር።

ጎሬ በምኒልክ ዘመን ትልቅ ከተማ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩት ከዚያው ሆነው ነው። በ1890 ጦራቸው ወደ ነጭ ዓባይ የወረደውም፣ የአገሩ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም መጓዝ ሲጀምርም ጎሬ የነገሩ ሁሉ መናኸሪያ ነበረች። ሹማምንቱ ከሸዋ ይዘዋቸው ከወረዱት ነገሮች አንዱ የሙግቱ ሥርዓት ነው፤ ያ «ተጠየቅ!» እየተባለ፣ ዱላ እየተሰበቀ፣ ነጠላ እየተጣፋ የሚካሄደው።

በዚያ ሥርዓት ተከራካሪ «እንዲህ ነው» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። የተናገረውን በውርርድ ያጸናል። «በቅሎ አግባ!» ይላል። ወይም ፈረስ፣ ወይም ማር። ነገሩ ከብዶ ከሆነ በቅሎ፣ ቀለል ካለ ማር ይገባል። ተከራካሪው ውርርዱን ከተቀበለ ያለ ዋስ አይሆንም፤ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ከቆመው ሕዝብ መካከል «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ካልተገኘ ውርርዱ የለም። ከዚያ ምስክር ይሰማል፣ የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል።

ለማን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ለባላጋራው አይደለም። ውርርዱ የሚገባው ለዳኛው ወይም ለመንግሥት ነው። ማንም ይርታ ማን ችሎቱ ይበላል! የዛሬዎቹ የቤቲንግ ባለቤቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙ አያቶቻቸውን ያገኙ ያህል ደስ ይላቸው ይሆናል። ባለፉት ዘመናት ነገር ሁሉ ቅዱስ ነበር ለሚሉንም ይህን እናስታውሳለን። የመቱና የጎሬ ገበሬ ነገሩን በጃርሳ ቢያ ፊት በራሱ ቋንቋ መጨረስ የለመደ ሰው ነው። በማያውቀው አማርኛ፣ ባልለመደው ሥርዓት «በቅሎ አግባ» ሲሉት ውርርድ መስሎት ገብቶ በቅሎውን ያጣው ስንቱ እንደሆነ የጻፈለት የለም።

ሆኖም በዚያ ውርርድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ባላጋራህ ፊት ለፊትህ ቆሟል። ዋስህ አጠገብህ ነው፤ ብትረታ ነገ የሚያገኝህ ዋስህ ስለሆነ ዝም ብለህ አትወራረድም። የምታጣው ነገር ደግሞ ዓይን አለው፣ እግር አለው፣ ደጅ ላይ ታስሯል። በቅሎ በግማሽ ሌሊት በዐሥር ሣንቲም በዐሥር ሣንቲም አትሸረፍም።

የችሎቱ ውርርድ ቀስ በቀስ እየተዳከመ ሄደ። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ፤ በ1958 የፍትሐ ብሔሩ ተከተለ፤ አዲሱ ችሎት በቅሎ የሚገባበት አልሆነም። የሚገርመው፣ መንግሥት በአንድ እጁ የችሎቱን ውርርድ በሸኘበት በዚያው በ1954 በሌላ እጁ ብሔራዊ ሎተሪን አቋቋመ። (በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 1961፣ እንግሊዝ የመንገድ ዳር የውርርድ ሱቆችን በሕግ ፈቅዳ ከፈተች። የእግር ኳስ ውርርድማ ከዚያም በፊት ነበራት፤ «ፑልስ» የሚሉት የሳምንቱን ውጤት የመገመት ጨዋታ ሊቨርፑል ላይ የተጀመረው በ1923 ነው።)

ሎተሪ ያመጣው ለውጥ ትንሽ አይደለም፤ ባላጋራን አጠፋ። ሎተሪ ሲደርስህ የበላኸው ሰው የለም፤ ሳይደርስህ ሲቀርም የበላህ የለም። ዋስ አያስፈልግም፤ የምትከፍለው ቀድመህ ነው። አዟሪው በር በሩን እየዞረ «ዛሬ የሚወጣ!» ሲል የገዛኸው ቲኬት እስከ ማውጫው ቀን ኪስህ ውስጥ ይተኛል። ሎተሪ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው፤ ዝግ ያለ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ አንድ ቲኬት ገዝቶ፣ ሳምንታት አልሞ፣ ቁጥሩን በጋዜጣ አስተያይቶ፣ ቀድዶ ይጥላል። ፋቅ መጣና ሳምንቱን ወደ ደቂቃ አሳጠረው። የኋላ ኋላ ምን እንደሚመጣ በፋቅ ማወቅ ይቻል ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ውርርድ። መቱን የሚያውቅ ሁሉ መቱ ካርል ሆስፒታልን ያውቃል። ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከአልጌ የሚመጣ ሕመምተኛ የሚተኛው እዚያ ነው። ካርል ማን እንደሆነ ግን የከተማውን ወጣቶች ብትጠይቁ ግማሹ «ፈረንጅ» ይላችኋል፣ ግማሹ ትከሻውን ይነቀንቃል። ከመካከላችን ሁለቱ የመቱ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ነገሩን በወጉ ያወቁት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው።

ካርልሃይንዝ በም ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ተጫውቶ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሁሉ ያወቀው ሰው ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ግንቦት 16 ቀን 1981) አንድ የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። የትርዒቱ ስም «ቬተን ዳስ» ይባላል፤ ወደኛ ሲመለስ «እንወራረድ» እንደማለት ነው። አዎ፣ የውርርድ ፕሮግራም! ሰዎች እየመጡ የማይቻል የሚመስል ነገር እናደርጋለን ይላሉ፣ እንግዶቹ ይወራረዳሉ፣ ሕዝቡ ይስቃል። ገና አዲስ ፕሮግራም ነበር። ኋላ በአውሮፓ ከሚታዩት ሁሉ ትልልቆቹ መካከል ለመሆን በቃ።

በም ግን ለመሳቅ አልመጣም። በአፍሪካ ሳህል ሰው በረሃብ እያለቀ ነው አለ፤ እናም ተወራረደ። ውርርዱ ይህ ነው፦ ይህን ፕሮግራም ከሚያዩት ሦስት ሰዎች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ (ስዊስ ከሆነ አንድ ፍራንክ፣ ኦስትሪያ ከሆነ ሰባት ሽልንግ) አይሰጥም። ከሰጡና ከተሸነፍኩ ግን እኔው ራሴ ወደ አፍሪካ ሄጄ ገንዘቡ ለተቸገረው መድረሱን አያለሁ።

እንግዲህ ይህን ውርርድ ከላይ ካየነው ጋር አስተያዩት። ሰውየው የተወራረደው መሸነፍ ፈልጎ ነው። ያስያዘው በቅሎ አይደለም፤ ራሱን ነው። ባላጋራው በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ነው። ዋሱም ያው ተመልካች ነው፤ የተናገረውን ሁሉም ሰምቷል።

ገንዘቡ መጣ። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ነገር ግን (አንባቢ ሆይ፣ ይህቺን አትለፏት) ከሦስት አንድ የሚለው ቁጥር አልሞላም። በሕጉ መሠረት ካርል ውርርዱን አሸንፏል! «አሸንፌያለሁ» ብሎ ቤቱ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ማንም አይከሰውም። እሱ ግን ያሸነፈውን ውርርድ ከፈለ። በ1974 መጀመሪያ ገንዘቡን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኅዳር 4 ቀን «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። የኛው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ በቦታው የፊልም ንጉሠ ነገሥት መጣ ብለው የቀለዱ መኖራቸው አይቀርም።

የመጀመሪያ ሥራው በምሥራቅ፣ በኤረር ሸለቆ ነበር። ወደ ኢሉባቦር ያመጣው የ1977ቱ ድርቅ ነው። ደርግ ከወሎና ከሌላውም የተራበውን ሕዝብ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም እያጋዘ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ኢሉባቦር ከዋነኞቹ ሠፈራ ቦታዎች አንዷ ሆነች። ሰፋሪው ደጋውን ለምዶ የመጣ ነው፤ እዚህ ወባ አለ፣ ዝናብ አለ፣ የማያውቀው ደን አለ። ነባሩም ሕዝብ ቢሆን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ጠግቦ አልነበረም። ድርጅቱ ውኃ አወጣ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ክሊኒክ ከፈተ። የመቱ ሆስፒታል የካርልን ስም የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበት አብዲ ቦሪም መቱ ውስጥ ያለ የዚሁ ድርጅት ቤት ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ «የነገ ተስፋ» ነው። ካርል ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሞተ።

ስለዚህ ወገን፣ የመቱ ሰው ስለ ውርርድ ሲያወራ እንደ ሌላው ከተማ አያውራ። ሆስፒታሉ የቆመው በውርርድ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ከዚያማ ዲኤስቲቪ መጣ። በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የክፍለ ሀገር ከተሞቻችንን ሁሉ ወረረ። በደሌ፣ ያዩ፣ ሁሩሙ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ አንድ ዲሽና ሃያ አግዳሚ ወንበር ያለው ቤት የሌለበት ከተማ ጠፋ። የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊ ሆኖ ያልተጣላ ወንድማማች የለም። በዚያን ጊዜም ውርርድ ነበር፤ «በምን?» ይባላል። በሻይ፣ በአምቦ ውኃ፣ በበደሌ ቢራ፣ በመግቢያ ሒሳብ። «በደረቁማ አልወራረድም!» ይል ነበር ዕድሜው የገፋው የሠፈራችን ጫማ ሠሪ፤ አርሴናል ነበር፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሻይ ይጋብዝ ነበር። ያ ውርርድ ከተበላህ የሚስቅብህ ሰው አለው፤ መሳቁ ደግሞ ልጓም ነው። ሦስት ጊዜ የተበላ ሰው አራተኛውን አይወራረድም፤ ያፍራል።

የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ እያወጡ በየከተማው የተበተኑት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። በመጀመሪያ ቤት ነበር፤ ሰው እዚያ ሄዶ፣ ቆርጦ፣ ተሰልፎ። ቀጥሎ ስልክ ሆነ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ብሩ ራሱ ስልክ ውስጥ ገባ። እኛ ቴሌብርን አንወቅስም፤ ከመቱ አዲስ አበባ ላለው ልጅ የቤት ኪራይ ለመላክ ባንክ መሰለፍ የቀረው በእሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር ሆነ። ብር ከኪስ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በሰው እጅ ተላልፎ የሚበላበት ጊዜ አለፈ። አሁን አልጋ ላይ ተኝተህ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበህ፣ በአውራ ጣትህ ነው።

ልማዱ ምን ድረስ እንደሄደ ያየነው በኮሮና ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2020 የአውሮፓ ሊጎች ሁሉ ቆሙ። «እፎይ» ያልን ነበርን። ቤላሩስ ግን አልቆመችም፤ ኳሷን ቀጠለች። የዓለም ተወራራጅ ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ። ቤላሩስ በየትኛው አህጉር እንዳለች የማያውቁ ጓደኞቻችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ባቴ ቦሪሶቭ የተከላካይ መስመር ድክመት ይተነትኑልን ጀመር። ያኔ ነው ነገሩ ኳስ ከመውደድ ጋር እንደማይገናኝ የገባን።

እስቲ ወደዚያ ልጅ ቲኬት እንመለስና ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (የጋዜጠኝነት ተማሪ ሒሳብ ስለሆነ አትፍሩ)። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶ ሰባ አምስት ዕድል አለው እንበል፤ ይህ ለእሱ በጣም ማድላት ነው። ዐሥሩም አንድ ላይ የሚገቡለት ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። በትክክል ዘጠኙ ገብተው አንድ የሚቀርበት ግን ከመቶ ወደ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። እንግዲህ «አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚለው ከሚያሸንፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ልጁ ይህን እንደ ዕድል መጥበብ ያየዋል፤ «ለትንሽ ነው፣ ነገ ይገባል»። ለትንሽ መቅረቱ ግን የዕድሉ ጉዳይ ሳይሆን የቲኬቱ ጠባይ ነው። ዐሥር ጨዋታ የደረደረ ሰው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ለትንሽ ይቀራል።

ሌላም አለ። ሳንቲም ወርውረህ አንበሳ ወይም ሰው የሚል ውርርድ ቢሆን ትክክለኛው ኦድ 2 ነው። ቤቱ ግን 1.90 ይሰጥሃል እንበል። ከመቶ ብር አምስት ብር ለቤቱ ቀረ፤ ይሁን፣ የቤት ኪራይ አለበት። ዐሥር እንዲህ ያለ ውርርድ አንድ ቲኬት ላይ ሲደረደር ግን አምስቷ በአምስት ላይ ትነባበራለች፤ ካስያዝከው መቶ ብር በአማካይ የሚመለሰው ስልሳ ብር ነው። አርባው ተበላ። የጎሬ ዳኛ ቢያንስ ነገሩን ፈርዶ ነበር የሚበላው! መንግሥትም ድርሻ አለው፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ ካለ የዕድል ሙከራ ገቢ ላይ 15 በመቶ ይወስድ ነበር። ለተበላው የሚመለስ የለም።

ኢሉባቦር ውስጥ ይህ ነገር ወቅት አለው። ቡናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፣ ይሸጣል፤ በከተሞቹ እጅ ላይ ብር የሚታየው ያኔ ነው። ፕሪሚየር ሊጉም በየሦስት ቀኑ የሚጫወተው በታኅሣሥ ነው። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ግን ገጠመ። ያዩ ላይ በ2004 የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳያልቅ ውሉ ከመቋረጡ በፊት ሥራ እናገኛለን ብሎ የጠበቀው ልጅ ስንት ነበር መሰላችሁ! መንግሥትም እንዲህ ይበላል።

አሁን በረንዳው ላይ ስለቀረው ወዳጃችን። ሰባት ሆነን ዕቁብ ነበረን፤ በወር 1,000 ብር። እሱ የቡና ነጋዴ ዘንድ ይሠራል፤ ታማኝ ስለሆነ ብሩን የሚሰበስበው እሱ ነበር። በኅዳር 2014 ተራው ከመካከላችን የአንዷ ነበር፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዛበት ሻጩን አነጋግራ ጨርሳለች። 7,000 ብሩ በሦስት ሌሊት አለቀ። የመጀመሪያውን ሌሊት 200 ብር ብቻ ነበር የነካው፤ ሁለተኛውን ሌሊት የመጀመሪያውን ለመመለስ፣ ሦስተኛውን ሁለቱንም ለመመለስ። እናቱ ግድግዳ በሚለየው ክፍል ተኝተው ነበር። ምንም አልሰሙም። ምን ይሰማል? ድሮ ልጅ ካርታ ቤት ሲያመሽ ጎረቤት ለእናት ይነግራል፣ እናት ነጠላቸውን ጣል አድርገው በር ላይ ቆመው ስሙን ይጠራሉ። ያ ጥሪ ስንቱን ከመበላት እንዳስነሣው ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ይሄኛው ልጅ ግን ቤቱ ነው፣ ጨዋ ነው፣ በጊዜ ገብቷል፣ ተኝቷል።

ዕቁብ ዋስ ይጠይቃል፤ ማንም የሚያውቀው ሕግ ነው። እኛ ግን «ጓደኛሞች ነን» ብለን ዋስ አልጠራንም። ያን ቀን ተቆጣን፣ ስሙን ከቡድናችን አወጣን፣ ደግሞ አስገባን። በወር 500 ብር ሊከፍል ተስማማን። ላፕቶፑ ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው በሰው ኮምፒውተር ነው።

እኛም ቢሆን ንጹሕ አይደለንም። ከዚህ ታሪክ በፊት «ለጽሑፍ ጥናት ነው» ብለን 20 ብር አስይዘን 186 ብር በልተናል። ቡናና ኬክ ጠጣንበት። ከተበሉት ሁሉ የባሰ አደጋ ላይ የነበርነው ያን ቀን ነው ብለን እናምናለን፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ኳስ ከማንም የበለጠ የምናውቅ መስሎን ነበር።

በ2015 አዲስ አበባ ላይ ብዙ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ያጨበጨበው ብዙ ነው። እንረዳቸዋለን፤ የትምህርት ቤት በር ላይ የተከፈተ ቤት ነበር። ግን የታሸገው በር ነው። ወዳጃችን ያን ብር ሲበላ ከማንም ቤት አልገባም። እንግሊዞች እንኳ የውርርድ ድርጅት ስም ከማልያ ፊት ለፊት ከ2026/27 የውድድር ዘመን ጀምሮ እንዲነሣ የክለቦቻቸውን ስምምነት ያገኙት በ2023 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የመቱ ሕፃን የሚለብሰው የተኮረጀ ማልያ ሳይቀር ማስታወቂያ ተሸክሞ ነበር።

ወደዚያች ዝናባማ ቀን እንመለስ። ልጁ አዲስ ቲኬት እየሞላ ነበር። «የት ተወለድክ?» አልነው። «እዚሁ፣ ካርል»። «ካርል ማነው?» «የሆስፒታሉ ስም ነዋ!» ብሎ ሳቀብን። እኛም ዝናቡ ስላላባራ ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርነው፤ ቴሌቪዥኑን፣ አንዱን ማርክ፣ ከሦስት አንዱን ሰው፣ አሸንፎ መክፈሉን። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማን። አጠገቡ ያሉትም ሁለት ልጆች ዞሩ። ስንጨርስ ትንሽ ዝም አለና፦

«ታዲያ ኦዱ ስንት ነበር?» አለን።

በረንዳው ላይ የቆመው ወዳጃችን ድምፁ ውስጥ ድረስ እስኪሰማ ሳቀ። ስንወጣ እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ማታ እነ እትዬ ቤት ቡና ስንጠጣ የነሐሴን 500 ብር ቆጥሮ ሰጠን። አምስት ወር ቀረው።